ወንድሜ ቲቢ አለበት ተባለ፤ ሳህኑን ብንለይ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለወራት ሲያስለው ቆይቶ ባለፈው ሳምንት የሳንባ ቲቢ እንዳለበት ተነገረው። መድኃኒትም ጀምሯል። እኛም በሰማን ቀን ኩባያውን፣ ሳህኑንና ማንኪያውን ለየንለት። ልብሱን በበረኪና ነው የማጥበው። ምግቡንም ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ይበላል። ብርድ እንዳይመታው ብለን መስኮቱን ዘግተን በወፍራም መጋረጃ ሸፍነነዋል። ቤት ውስጥ የ3 ዓመት ልጄና ስኳር ያለባት እናቴም አሉ። ልጄ አጎቱን በጣም ስለሚወድ እስከዚያ ድረስ ከእሱ ጋር ነበር የሚተኛው። አሁን ከልክለነዋል። ሌላ ማድረግ ያለብን ነገር አለ? ወይስ ወንድሜ ለጊዜው ሌላ ቤት ቢከራይ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎን ይማርልዎ። መድኃኒት መጀመሩ ትልቁ ነገር ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ወንድምዎ ከቤት መውጣት የለበትም። ኩባያውንና ሳህኑን ከቤቱ ዕቃ ጋር መልሰው ይቀላቅሉት። መስኮቱን ይክፈቱት። ልጅዎን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለምርመራ ይውሰዱት። ከአራቱ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችሉ ከሆነ የልጁን ያስቀድሙ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሳንባ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአየር ነው። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራም ጭምር በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ከሳንባው ይወጣሉ። ትልልቆቹ ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን ውሃቸው ይተንና ጀርሙን እንደያዙ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። መጠናቸው ከ1 እስከ 5 ማይክሮን ነው፣ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው፤ በዚህ ማነስ ምክንያት አየሩ በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሳይወድቁ ይቆያሉ፣ ሌላ ሰው ሲተነፍሳቸውም አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀራቸው እስከ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይዘልቃሉ። ጀርሙ ሥር የሚሰደው እዚያ ሲደርስ ነው። ኩባያ ጠርዝ ላይ ወይም አንሶላ ላይ ያረፈው ግን እንደገና እንደዚያ ደቅቆ አየር ላይ አይወጣም። ስለዚህ አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ አንድ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ልብሱን ማጠብ ቲቢ አያስይዝም። በረኪናውንም ይተዉት። ልብሱን እንደማንኛውም ልብስ በሳሙና ይጠቡ፤ የበረኪና ሽታ የሚያስለውን ሰው ይብስ ያስለዋል።

አንድ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲጋራ ሲያጨስ ያስቡ። ሰውየው ከወጣ በኋላም ሽታው አይለቅም። የቲቢ ጀርምም እንደዚያው ነው፤ ወንድምዎ ክፍሉን ለቆ ቢወጣ እንኳ ትንፋሹ ውስጥ የነበረው እዚያው ሊቆይ ይችላል። ጭሱን የሚያስወጣው ምንድን ነው? መስኮት።

ይህንን ያረጋገጠልን ደግሞ ድንቅ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ አድርገው ጊኒ ፒግ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ወዳሉበት ሌላ ክፍል ላኩ። እንስሳቱ ሕሙማኑን አላዩአቸውም፣ አልነኳቸውም፣ ከሳህናቸው አልበሉም። የተጋሩት አየር ብቻ ነው። ቲቢ ያዛቸው። ያው አየር ጀርም በሚገድለው በአልትራቫዮሌት ጨረር ውስጥ አልፎ የደረሳቸው ሌሎቹ ግን ደህና ሆነው ቀሩ። ሌላም ነገር ታየ፦ አብዛኞቹን እንስሳት ያስያዙት ጥቂት ሕሙማን ነበሩ። ትክክለኛ መድኃኒት እየወሰዱ ያሉት ደግሞ ካልጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ የማስተላለፍ አቅማቸው በጣም ያነሰ ነበር።

ወደ መስኮትዎ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ የክፍሎችን አየር ለካ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። በማሽን አየር ለሚቀየርላቸው ዘመናዊ የመነጠያ ክፍሎች የተቀመጠው መለኪያ ግን 12 ነው። ከሁሉም የበለጡት ደግሞ ጥናቱ ሲካሄድ ከተሠሩ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑት አሮጌዎቹ ክፍሎች ናቸው፤ 40 ደረሱ። እኔ እንዲህ ያሉ የድሮ ሕንፃዎችን ባየሁ ቁጥር የሠሯቸውን ሰዎች አመሰግናለሁ፣ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን አየር መድኃኒት መሆኑን ገብቷቸው ነበርና። ልዩነቱ እንዲገባዎ፦ አየሩ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ በሚቀየርበት ክፍል፣ በአየሩ ውስጥ ያለውን ጀርም 99 በመቶ ለማስወጣት ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 12 ጊዜ ከተቀየረ 23 ደቂቃ ይበቃል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት አይፈልግም። መክፈት ብቻ ነው።

ብርዱስ? ጥያቄዎ ውስጥ ያለውን ስጋት እረዳዋለሁ፣ የሚያስለውን ሰው ከብርድ መጠበቅ የፍቅር ነገር ነው። ግን ቲቢ ከብርድ አይመጣም፣ በብርድም አይባስም። ወፍራም ልብስ ያልብሱት፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይስጡት፣ መስኮቱን ግን አይዝጉበት። በተለይ ሰው አብሮት በሚቀመጥበት ሰዓት ክፍት ይሁን። ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮት ካሉ ሁለቱንም ቢከፍቱ አየሩ ሰንጥቆ ያልፋል። ሌሊት በጣም ከበረደ ትንሽ ገርበብ ይበል። መጋረጃውንም ይግለጡት፤ የቲቢ ጀርም የፀሐይን ብርሃን አይችልም። ከተቻለ ቀን ቀን ደጅ ይቀመጥ፣ ደጅ የሚጠይቀው ሰው ደግሞ ስጋቱ በጣም ትንሽ ነው። ሲያስል አፉን በክንዱ ወይም በሶፍት ይሸፍን፣ አክታውን ክዳን ባለው ዕቃ ይትፋ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው አጠገቡ ሲሆን ማስክ ቢያደርግም ጥሩ ነው፤ ማስኩ ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ሲያደርገው ነው።

ሌላ ቤት ይከራይ ወይ ላሉት መልሱ ከተገኘ ቆይቷል። ድሮ የቲቢ ሕመምተኛ ከቤተሰቡ ተለይቶ ርቆ ወዳለ ማገገሚያ ይላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ህንድ ውስጥ በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ሐኪሞች ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ማገገሚያ ገቡ፣ ጥሩ ምግብና እረፍት አገኙ። ግማሾቹ ያው የተጨናነቀ ቤታቸው ውስጥ ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1959 ውጤቱ ወጣ። ቤታቸው የታከሙት ከሞላ ጎደል እኩል ዳኑ። የሚያስደንቀው ግን የቤተሰቦቻቸው ነገር ነው፤ አብረዋቸው የኖሩት ሰዎች በቲቢ የተያዙት፣ ዘመዳቸው ርቆ ከሄደባቸው ሰዎች በልጦ አልተገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀርሙ በብዛት የሚተላለፈው ሰው መታመሙን ሳያውቅ ሲያስል በሚቆይባቸው ወራት ነው። መድኃኒቱ አንዴ ከተጀመረ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ 2 ሳምንት ተብሎ ይነገራል። ይህ የሚሠራው ግን መድኃኒቱ ለያዘው ጀርም የሚሠራ ከሆነ ነው። ስለዚህ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ተመርምሮ እንደሆነና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለመሆኑ ተረጋግጦ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ። ከላይ እንዳልኩት ብዙው መተላለፍ ከምርመራው በፊት ያለፈ ነገር ነው፣ ልጅዎ ደግሞ እነዚያን ወራት ከአጎቱ ጎን ሲተኛ ከርሟል። ዛሬ ኩባያ መለየት ያኔ የተነፈሰውን አይመልስም። ደግነቱ ጀርሙ ገባ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው የቲቢ ጀርም ገብቶበታል፣ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሰውነታቸው ጀርሙን አፍኖ ይይዝላቸዋል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግን ይህን አፍኖ የመያዝ አቅም ገና አላዳበሩም። ሲታመሙም ፈጥነው ነው፣ አንዳንዴም ጀርሙ ወደ አንጎል ሽፋን ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ወይም ልጁን ለዕድሜ ልክ የሚጎዳ ነው። ሲወለድ የወሰደው የቢሲጂ ክትባት፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ያለ ክትባት ነው፣ ከእንደዚህ ያለው ከባድ ዓይነት በጣም ይረዳዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠብቀውም። ተከትቧል ብለው እንዳይቀሩ።

ሐኪሙ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሰውነት መቀነስ ወይም ክብደት አለመጨመር፣ እንደ ወትሮው አለመጫወት መኖሩን ይጠይቅዎታል፣ ያየዋል፣ እንደ አስፈላጊነቱ ኤክስሬይ ያዛል። ታሞ ከተገኘ ይታከማል፣ ይድናል። ደህና ከሆነ ደግሞ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም! የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የቲቢ ሕመምተኛ ቤት ያለ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ሕመሙ እንደሌለበት ከታየ በኋላ፣ መከላከያ እንዲወስድ ነው። ለ3 ወር ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወይም ለ6 ወር አይሶናያዚድ ብቻ የሚሰጥበት መንገድ አለ፣ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ይወስናል። ደህና የሆነ ልጅ እንዴት ለወራት መድኃኒት ይወስዳል ብለው እንዳይመልሱት አደራ። የምንሰጠው ደህና ሆኖ እንዲቀጥል ነው።

እናትዎም ይመርመሩ። ስኳር ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል፣ ስኳሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ይብሳል። እርስዎም አይቅሩ። ቤት ውስጥ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ካለ እሱም እንደ ልጁ ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። ዛሬ ደህና ናችሁ ብትባሉም ጉዳዩ አያበቃም፤ ቲቢ ከሚነሳ በብዛት በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካያችሁ ወዲያው ተመለሱ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፦ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንቱን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል፣ አትደንግጡ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ግን በዚያው ቀን ይሂድ። አንድ ወር ሲሞላው ሳሉ ይቀንስና የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፤ የሚያሰጋኝም ያ ወቅት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ያኔ ነው፣ ከሞት የተረፉት ጀርሞች ደግሞ መድኃኒቱን ለምደው ይነሳሉ፣ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም።

ስለ ሳህኑ አንድ ነገር ልጨምር። በሥራዬ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው፦ ሳህኑ የተለየበት ሰው መድኃኒቱን ተደብቆ ይውጣል፣ ክትትል ሲሄድ ሰው እንዳያየው ይሳቀቃል፣ አንዳንዱም ይተወዋል። የሚያስለው ጎረቤቱ ደግሞ ይህን አይቶ ምርመራ ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞቷል፣ ያውም መድኃኒት ባለው በሽታ። ሮበርት ኮክ ጀርሙን ለዓለም ያሳወቀው እኮ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ወንድምዎ ለወራት ሲያስል ለምን እንደቆየ አላውቅም፣ ግን ብዙዎች የሚቆዩት እንዲህ ያለውን መገለል ፈርተው ነው። መስኮቱን ከፍታችሁ ምሳውን አብራችሁት ብሉ።

ልጅዎ አጎቱ አልጋ ላይ እንዳይተኛ መከልከልዎ ትክክል ነው፣ ሐኪሙ አይተላለፍም እስኪል ድረስ ይቀጥሉበት። ደጅ ላይ ግን ይጫወቱ። ወንድምዎ በተዘጋ ክፍል አብረውት ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ ባልደረቦች ካሉትም ለጤና ባለሙያው ይንገር፣ እነሱም መመርመር አለባቸው። ለምርመራ ሲሄዱ የወንድምዎን የሕክምና ካርድና የልጅዎን የክትባት ካርድ ይያዙ፣ የአክታ ውጤቱ በወረቀት ካለም አብሮ ይሁን፤ የልጁ መከላከያ የሚመረጠው አጎቱን የያዘው ጀርም በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ታይቶ ነው።