መልስ፦ ከቦስተን ዓሣ ነባሪ ለማየት
ወንድሜ፣ በጁላይ ልጆች ይዘን ብንሄድ ዓሣ ነባሪ እናያለን ወይ፣ ባሕሩስ አያስታውክም ወይ ላልከው፣ ሂዱ፣ ወቅቱ ነው። ጀልባዎቹ የሚወስዷችሁ ስቴልዋገን ባንክ ወደሚባለው፣ ከ1992 ጀምሮ በሕግ ወደተጠበቀው የባሕር ክልል ነው። እዚያ የባሕሩ ወለል ከፍ ስለሚል ቀዝቃዛውና ምግብ ያለበት ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትንንሽ ዓሦች ይበዛሉ፤ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎችም እነሱን ለመብላት ከካሪቢያን ድረስ ይመጣሉ። ጭራቸውን ሲያነሡ ከሥሩ ያለውን ጥቁርና ነጭ ልብ በሉ፤ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በዚያ ነው የሚለዩት። በጣም ደስ ይላል! ዶልፊን ግን እንደ ዕድላችሁ ነው፣ ለልጆቹ ቃል አትግባላቸው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመሳፈራችሁ በፊት ነው የሚወሰደው፤ ለልጆቹ መጠኑን ፋርማሲ ጠይቅ። ጃኬትም ያዙ፣ ከተማው ቢሞቅም ባሕሩ ላይ ይበርዳል።