«ምንም የለብሽም» ያልኳት ሴት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሕክምና ተማሪ «የሴት እንቁላል ሽፋን ባይኖረውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ገና ጀማሪ የማህፀን ሐኪም ሳለሁ አንዲት ሴት ከአማቷ ጋር መጣች። ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ግን አልወለደችም። የወር አበባዋ አይዛነፍም። የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው። የባሏም ምርመራ ደህና ነው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» አልኳት። «ታዲያ ለምን?» አለችኝ። እኔ ቀጣዩን ታካሚ ጠርቻለሁ።

ከወራት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ባሏ ሊፈታት ነው። «ደህና ነሽ ያሉኝን በወረቀት ይጻፉልኝ፣ ለሽማግሌዎቹ ላሳይ» አለች። ጻፍኩ፣ ማህተም አደረግሁበት። ትዳሩ ግን ፈረሰ።

ያኔ የመረመርነው መንገዱን እንጂ እንቁላሉን አልነበረም። የሰው እንቁላል የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ናት። ሽፋኗ ዞና ፔሉሲዳ ይባላል፤ ከአራት ፕሮቲኖች የተሸመነ ነው። አልትራሳውንድ አያሳየውም። የወንዱ ዘር መጀመሪያ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ከገባ ሽፋኑ ይጠነክርና ሌሎቹን ይከለክላል። ጽንሱንም ቱቦው ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ ጠብቆ ማህፀን ያደርሰዋል፤ በአምስተኛው ወይ በስድስተኛው ቀን ጽንሱ ሰብሮት ይወጣል።

በ1996 እ.ኤ.አ. ከፕሮቲኖቹ አንዱን እንዳይሠሩ የተደረጉ እንስት አይጦች እንቁላላቸው ራቁቱን ቀረ፣ መከኑም። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ሴቶች ላይ ሽፋኑን የሚያሳጣ የጂን ለውጥ ተገኘ። ያን ሳነብ ያቺ ሴት ፊቴ ድቅን አለች። የሷ ችግር ይሄ ነው ማለቴ አይደለም።

አሜሪካ አሳቲግ ደሴት ላይ የዱር ፈረሶች እንዳይበዙ ባዝራዎቹን ከአሳማ እንቁላል ሽፋን የተሠራ ክትባት ይወጓቸው ነበር። የባዝራዋ ሰውነት የሚያመርተው መከላከያ የራሷን እንቁላል ሽፋን ይይዘዋል፤ የወንዱ ዘር መጣበቂያ ያጣል። ባዝራዋ ትግጣለች፣ ትጋልባለች። እኔ ብመረምራት ኖሮ «ምንም የለባትም» እል ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች መልስ ትቸኩላላችሁ። ስልኩን ነካ፣ መልሱን ዱብ። ታካሚ ፊት «ያላየሁት አለ» ማለት ሞት ይመስላችኋል። እኔስ ብሆን መቼ አልኩ? ያውም ስልክ ሳይኖረኝ።

ግን አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ያን ወረቀት ዛሬ ብጽፈው «ምርመራችን እንቁላሏ ድረስ አይደርስም» እል ነበር። እውነቱ እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ሲነበብ ግን የበለጠ የሚጎዳት የቱ ነበር?