መልስ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የውሃ ዳር የእግር ጉዞ

ሰላም ወንድሜ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድንጋያማና ግንድ የተበታተነበት፣ ዳር ዳሩን በእግር የሚኬድበት ውሃ አለ ወይ ብለሃል። ባሕር የለንም፤ ጀማ ወንዝ ግን አለልህ።

ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ አድርገህ ወደ ዓለም ከተማ ስትሄድ፣ ከለሚ በኋላ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ላይ ጋቢ ያስደረበህ ብርድ ታች ስትደርስ የለም፤ ሹራብህን ታወልቃለህ። ድልድዩ አጠገብ ወርደህ ዳሩን ተከተል። ክረምት ያመጣው ግንድ አሸዋና ጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ልጡ ተልጦ፣ ፀሐይ አንጥታው አጥንት መስሏል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከራሴ በላይ፣ የዛፍ ባላ ላይ ገለባና ጭራሮ ተሰክቶ አየሁ። ውሃው እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው!

ስለዚህ ክረምት ላይ እንዳትሞክረው። ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ታች ሰማዩ ጠርቶም ደራሽ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ አሪፍ ናቸው። በጠዋት ጀምር፣ ውሃም በደንብ ያዝ፤ ጥላ እንደልብ አይገኝም። ነጠላ ጫማ? ተው፣ ጠጠሩ አያስኬድህም። መሻገር ካማረህ ደግሞ መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው መልካው የት እንደሆነ ጠይቅ።