የአባጨጓሬ ፀጉር ዓይን ውስጥ ሲገባ ማጠብ ብቻ ይበቃል?

ቅርንጫፍ ሲቆርጡ ፀጉራም አባጨጓሬ ፊትዎ ላይ እንደወደቀና ዓይንዎን ቢታጠቡም በሦስተኛው ቀን አሁንም አሸዋ የገባበት ያህል እንደሚቆረቁርዎ ጽፈው፣ ቤት ውስጥ የተረፈ የስቴሮይድ (እብጠትና ቅላት የሚያስታግስ መድኃኒት) ጠብታ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ጠብታውን አይንኩት፤ ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው የላይኛው የዓይን ቆብዎ ተገልብጦ እንዲታይ ይጠይቁ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እኔን አባጨጓሬው ራሱ እንኳ አልነካኝም፤ ከዛፍ ሥር የረገፈ ቅጠልና አሮጌ የአባጨጓሬ ድር ስጠርግ ቆይቼ ላቤን በእጅጌዬ መጥረጌ ብቻ በቂ ሆነ። በመጀመሪያ የታየሁበት ክሊኒክ አለርጂ ነው ተብሎ ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ቅላቱም በሁለት ቀን ጠፋ። ጠብታው ባለቀ በሳምንቱ ግን መቆርቆሩ፣ እንባውና ብርሃን መፍራቱ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛዋ ሐኪም ብርቱካናማ ቀለም ጨምራ በሰማያዊ ብርሃን ስትመረምረኝ፣ ኮርኒያዬ (ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች አረንጓዴ ሆነው ታዩ። የጭረቶቹ አቅጣጫ ነገሩን ገለጠላት፤ ከቆቡ ሥር የተሰካ ነገር ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ይፍቅ ነበር። ቆቡን ገልብጣ ሁለት ፀጉሮች በቀጭን ወረንጦ ነቀለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ ያዘዘችልኝ። ስለዚህ መድኃኒቱን አልቃወምም፤ ፀጉሩ ሳይወጣ ምልክቱን መሸፈኑን፣ ኢንፌክሽን ካለ ማባባሱንና ያለ ክትትል የዓይን ግፊት ሊጨምር መቻሉን ነው የምፈራው።

ውኃ ሁሉንም የማያወጣበት ምክንያት በፀጉሩ አሠራር ላይ ነው። ብዙዎቹ ፀጉሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች ስላሏቸው፣ ዓይን ሲታሽ፣ ሲርገበገብ ወይም ሲንቀሳቀስ ወደፊት ይገፋሉ እንጂ ወደኋላ አይመለሱም። የአንዳንዶቹ ዝርያዎች ፀጉር ደግሞ መርዛማ ፕሮቲን ስለሚይዝ፣ ከመውጋቱ በላይ ያሳብጣል፤ አባጨጓሬው ከሞተ በኋላም ይህ ኃይሉ ይቆያል።

ሕመሙ በሕክምናው ኦፍታልሚያ ኖዶሳ ይባላል፤ ስያሜው ሰውነት በተሰካው ፀጉር ዙሪያ ከሚሠራቸው እባጮች የመጣ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ካዴራና ባልደረቦቹ በአምስት ዓይነት ከፍለውታል፤ ከመጀመሪያው ድንገተኛ እብጠትና ቅላት ተነሥቶ፣ በፀጉሩ ፍትጊያ የሚመጣ ቁስለት፣ እባጭ፣ የአይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል) ብግነት እያለ እስከ ዓይን የኋላ ክፍልና ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የውስጥ ሽፋን) ይደርሳል። የመጨረሻው ብዙ አያጋጥም፤ ሆኖም ፀጉር ከገባ ከወራት በኋላ ሊከሰት ስለሚችል፣ ሐኪሜ ደኅና ነኝ ብዬ እያለሁ እንኳ ደጋግማ ትቀጥረኝ ነበር፤ ያኔ መመላለሱ ቢያሰለቸኝም አሁን ትክክል እንደነበረች አምናለሁ።

እስኪታዩ ድረስ ዓይንዎን ፈጽሞ አይሹት፤ ኮንታክት ሌንስ ካደረጉ በታጠበ እጅ ያውጡት፤ ፀጉሩ በመስታወት ቢታይዎትም ራስዎ አይንቀሉት፤ ሊሰበርና ስብርባሪው ውስጥ ሊቀር ይችላል። እይታዎ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ካሳመመዎት ወይም አዲስ ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ካዩ ለነገ አይበሉ። የዕለቱን ልብስና መሐረብ ለብቻ ይጠቡ፤ የአባጨጓሬው ፎቶ ካለዎት ደግሞ ለሐኪሙ ያሳዩት፤ ምን መፈለግ እንዳለበት ካወቀ ቆቡን ሳይገለብጥ አይለቅዎትም።