የባሌ አልጋ፦ ዲንሾ፣ ጎባ ወይስ ሮቤ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለገና ሰሞን ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በራሳችን መኪና ባሌ ልንሄድ ነው። ሦስት ሌሊት እናድራለን። ትልቁ ልጅ 11፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ሲሆን ግፊት አለባት፤ ጉልበቷንም ያማታል። ባለቤቴ «ፓርኩ ውስጥ፣ ዲንሾ ካላደርን ምኑን ባሌ ሄድነው!» ይላል። እህቴ ሮቤ ጥሩ ጥሩ ሆቴል አለ ትላለች። ጎባ ይሻላችኋል ያሉኝም አሉ። አልጋ ልይዝ ስልክ አንስቼ ግራ ገብቶኝ ተውኩት። የት ብናድር ይሻለናል?

*እናትና ልጆቿን ይዛ የምትጓዝ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ

እህቴ፣ አልጋ ሳትይዢ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። በዚያ መንገድ 22 ዓመት ቱሪስት ይዤ ተመላልሻለሁ። አልጋ ስመርጥ ሁልጊዜ የምጀምረው መኪናው ውስጥ ያሉትን ሰዎች በማየት ነው። ብርድና ከፍታ ቀድሞ የሚጎዳው ማነው? አልጋው የሚመረጠው ለእሱ ነው። ከእናንተ መሀል እናትሽ ናቸው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ጎባ እደሩ። ሦስተኛውን፣ እናትሽ ደህና ከተኙ፣ ዲንሾ አድርጉት። ባለቤትሽም የፈለገውን ያገኛል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳሽ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ 2,700 ገደማ ነው። ዲንሾ ግን ከ3,000 ያልፋል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀምጦ የመጣ ሰው፣ ደክሞት፣ መሽቶበት፣ ያን ከፍታና ያን ብርድ በአንዴ ሲቀበለው ሌላ ነው። ራስ ያማል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ደግሞ ታኅሣሥና ጥር የባሌ ሌሊት የሚከፋበት ጊዜ ነው። ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ጠዋት የመኪናው መስታወት ነጭ ሆኖ አግኝቼ በጨርቅ የፋቅሁበትን ቀን ብዛት አልቆጥረውም። ጎባ አይበርድም ማለቴ አይደለም። ግን ለመጀመሪያ ሌሊት ሰውነት ይችለዋል።

ባለቤትሽ ዲንሾን የሚፈልገው ለአውሬው ከሆነ፣ አይቅርበት። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ስትመጡ ዲንሾ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ የጋይሳይን ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከተነሳችሁና መንገድ ላይ ብዙ ካልቆማችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ ትደርሳላችሁ። ያን ጊዜ የደጋ አጋዘኑ ለግጦሽ ይወጣል። ከርከሮውም አለ። እናትሽ ከመኪና ሳይወርዱ ያያሉ። ዲንሾ ላይ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቆማችሁ መግቢያ ክፈሉ፣ አስጎብኚም ያዙ። ደረሰኙን አትጣዪው፤ ነገ ሳነቴ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው ከፍተኛ አምባ፣ ስትወጡ ያስፈልግሻል። ከዚያ በሮቤ አድርጋችሁ ጎባ ግቡ።

አሁን ስለ ክፍሉ። የሆቴል ስም አልሰጥሽም፤ አምና ጥሩ የነበረው ዘንድሮ ባለቤት ቀይሮ ይሆናል። በስልክ የምትጠይቂውን ግን ልንገርሽ። «ሙቅ ውሃ አለ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም አለ ይልሻል። «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሙቅ ውሃ አለ? መብራት ሲጠፋስ?» በዪ። መልስ ሰጪው ካመነታ መልሱ እሱ ነው። ለእናትሽ ደረጃ የሌለው፣ ከመኪና ማቆሚያው የማይርቅ ክፍል ጠይቂ። መጸዳጃው የሚቀመጡበት መሆኑን አጣሪ፤ የታመመ ጉልበት ቁጢጥ ማለት አይችልም። ለእያንዳንዱ አልጋ ስንት ብርድ ልብስ እንደሚሰጡ ጠይቂ። ስትደርሱ ደግሞ ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት ክፍሉን ገብተሽ እዪው። ቧንቧውን ክፈቺ፣ መስኮቱ መዘጋቱን ሞክሪ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጪ። ማንም አይቀየምሽም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አደራ እልሻለሁ። ከሰል ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ። አንድ የጥር ሌሊት አባትና ልጅ ይዤ ነበር። ያረፍንበት ቤት ዘበኛ በርዷቸው ሲያይ አዘነላቸውና የከሰል ምድጃ አስገባላቸው። በር ዝግ፣ መስኮት ዝግ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አባትየው በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ቀሰቀሰኝ። ልጅቷን ተሸክሜ አወጣኋት፤ ራሷን አታውቅም ነበር። ንጹህ አየር ሲነካት ነቃች። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ሁለቱም ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ። ዘበኛው የሠራው በደግነት ነው፤ እናንተንም በደግነት «ላምጣላችሁ?» ይሏችኋል። አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ይልቅ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። ጋቢ ከቤት ያዙ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የሞቀ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉት። ለልጆቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ይበቃቸዋል።

በሁለተኛው ቀን ሳነቴ ነው፤ ጎባ ማደር እዚህ ላይ ይክሳል። መንገዱ ከከተማው ተነስቶ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አምባው ላይ ናችሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በስተደቡብ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ 4,377 ሜትር ነው፣ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። ቀይ ቀበሮን የምታዩት እዚያ ሜዳ ላይ፣ ፍልፈል ሲያድን ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ቀስ ብሎ ይንዳ። ይህን ለሁሉም አሽከርካሪ ስናገር ኖሬአለሁ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። ምግብም አትወርውሩላቸው።

ልጆቹ እዚያ ላይ እንዳይሯሯጡ። እናትሽ ከመኪና ቢወርዱም ትንሽ ቆመው ይመለሱ። ራሴን አመመኝ፣ አዞረኝ ካሉ ሻይ ፍለጋ አትቆዩ፤ ወዲያው ውረዱ። ደህና ከሆኑ በሌላው በኩል ወደ ሪራ ትንሽ ወረድ ብላችሁ የሀረናን ደን እዩ። ከሜዳው ውርጭ ወጥታችሁ ሽበት የመሰለ ነገር ያንጠለጠለ ዛፍ መሀል ስትገቡ ልጆቹ አፋቸውን ይከፍታሉ። የሀረና ማር ካገኛችሁ ግዙ። እናትሽ የግፊት መድኃኒታቸውን ጠዋት ሳይዘነጉ ይውሰዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ሐኪማቸውን ስለ ከፍታው አማክሩ።

ሦስተኛው ሌሊት ዲንሾ። ሰውነታቸው ለምዷል፣ ለመመለሻውም ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ታተርፋላችሁ። ከሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡና ጽሕፈት ቤቱ ያለበትን ኮረብታ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ኮሶና ጽድ ሥር አጋዘኑ ከሰው ሳይሸሽ ይቆማል። እናትሽ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ያዩታል። ሁለቱን ሌሊት ጎባ እንቅልፍ ካጡ ግን ዲንሾን ተይው፤ ባለቤትሽም ይረዳሻል። የዲንሾውን ክፍል አስቀድመሽ ስትይዢ ይህን ንገሪያቸው፤ መቼ ድረስ መሰረዝ እንደምትችዪ ጠይቂ።

ሮቤን አልጠላሁትም። ትልቅ ከተማ ነው፣ ባንኩም ገበያውም አለ፣ ብርዱም ቀለል ይላል። በአውሮፕላን ለሚመጣ እዚያ ማደር ይመቻል። ለእናንተ ግን ጠዋት ጠዋት 14 ኪሎ ሜትር ይጨምርባችኋል፤ ሳነቴ ደግሞ ጠዋት ነው የሚያምረው።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ። እኔና ጓደኛዬ ድንኳን አለን። ሆቴል ትተን ሳነቴ አምባው ላይ ብናድርስ?

*ከሐዋሳ*

መልስ

ልጄ፣ በመጀመሪያው ሌሊት አይሆንም። መጀመሪያ ዲንሾ ድንኳናችሁን ትከሉ፣ አንድ ቀን በእግር ተጓዙ፣ ሰውነታችሁን አዳምጡ። አምባው ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ስስ የመኝታ ከረጢት ይዞ የሄደ ሰው ቁጭ ብሎ ያነጋል። እኔ ብሆን ከአምባው ወርጄ ሀረና ደን ውስጥ ካጫ በሚባለው የድንኳን ቦታ እተክላለሁ፤ ብርዱ ይቀላል። ግን ሀረና አንበሳ አለው፤ ያለ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አትደሩ፣ ሌሊትም ብቻችሁን ከድንኳን አትራቁ። ለማብሰያ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጣችሁ እሳት አታንድዱ፤ እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ግንድ እስኪያድግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።