በመጀመሪያ «መግታት» ምን እንደሆነ አጥኚ

የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። አክስትሽን ግሊዮብላስቶማ በሚባለው አደገኛ የአንጎል ዕጢ ካጣሽ ወዲህ፣ የዕጢውን ዕድገት ለመግታት በሚደረጉ ሙከራዎች ላይ ለመሥራት ቆርጠሻል። የጠየቅሽኝም የባዮሎጂ ትምህርትሽን ትተሽ የሕክምና ትምህርት እንድትጀምሪ ወይስ ባለሽበት እንድትገፊ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጽናናትን እመኝልሻለሁ።

ባለሽበት ግፊ። በደብዳቤሽ ውስጥ ታካሚ ስለ መንከባከብ አንድ ቃል የለም፤ የጻፍሽው ሁሉ ዕጢው ለምን እንደማይበገር ነው። ይህ የተመራማሪ ጥያቄ ነው።

ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ አጥኚ፤ ዕጢ ተገታ የሚባለው መቼ ነው? ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ዕጢው የሚመገብባቸው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳይበቅሉ ያግዳል። ተስፋው ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ሁለት ሰፋፊ ጥናቶች ግን በሽታው ተባብሶ እስኪታይ ያለውን ጊዜ በጥቂት ወራት ቢያራዝምም የታካሚዎቹን ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳዩ። እንደ አንድ ምክንያት የሚጠቀሰው፣ መድኃኒቱ የደም ሥሮቹን ፍሳሽ ስለሚቀንስ ዕጢው በኤምአርአይ ምስል ላይ ካለበት ያነሰ መስሎ መታየቱ ነው። ምስሉ ተሻሻለ፤ ሰዎቹ ግን ዕድሜ አልጨመሩም። ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚያይ ሰው በዘርፉ ውስጥ በጣም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስታቲስቲክስን እንደ ማሟያ ትምህርት አትቁጠሪው። ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው እርሱ ነው።

ሌላው ትዕግሥት ነው። አይዲኤች በሚባለው ዘረመል ላይ ያለው ለውጥ በአንጎል ዕጢዎች ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያንን ለውጥ ዒላማ ያደረገው ቮራሲዴኒብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2024፣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ቀስ ብለው በሚያድጉ፣ ይህ ለውጥ ባለባቸው ዕጢዎች ላይ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን አማካይ ጊዜ ከ11 ወር ገደማ ወደ 28 ወር ገደማ አድርሶታል። የአክስትሽ ዓይነት ዕጢ ግን ከእነዚህ አይደለም፤ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም።

የምትገቢበትን ላቦራቶሪ በስሙ አትምረጪ። ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፤ የምትሠሩባቸውን ሴሎች ማንነት እንዴት ታረጋግጣላችሁ? መድኃኒታችሁስ ደምን ከአንጎል የሚለየውን መከላከያ እንዴት ያልፋል? የመጀመሪያውን ንቀሽ አትለፊው። ለአስርት ዓመታት ስንት ምርምር የተሠራበት ዩ87 የተባለ፣ በላቦራቶሪ የሚራባ የአንጎል ዕጢ የሴል ዘር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዘረመል ሲመረመር ተወሰደበት ከሚባለው ከመጀመሪያው ታካሚ ዕጢ ጋር እንደማይመሳሰል ታውቋል። ስንት ሰው ስንት ዓመት እንደደከመበት ሳስብ ያመኛል።

አሁን በዚህ ሴሚስተር የሕይወት ዘመን ትንተና (ታካሚዎች ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖሩ የሚያሰላውን ስታቲስቲክስ) የሚያስተምር መምህር ፈልጊ፣ ፓይተን ወይም አር ከሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱን ተማሪ፣ በክረምቱ ደግሞ ሴል ማሳደግ የምትለማመጂበት ቦታ ጠይቂ። የማመልከቻ ደብዳቤሽን ስትጽፊ የአክስትሽን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አንሺው፤ ቀሪውን ገጽ ለጥያቄሽ ስጪው። ረቂቁን ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።