ሲቪል ኢንጂነሯ መከላከያን እንዴት መሩ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር ዓይሻ መሐመድ የተማሩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ወታደር ሳይሆኑ እንዴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ? ሕጉስ ይፈቅዳል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከመፍቀድም አልፎ ያስገድዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ንዑስ አንቀጽ 2 ለመከላከያ ሚኒስትርነት የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን ይደነግጋል። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ደግሞ በአንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሠራዊቱን በሙያ የሚመራው ኤታማዦር ሹሙ ነው። ሚኒስትሯ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው በጀት፣ ግዥ፣ ግንባታና ለምክር ቤት የሚቀርብ ሪፖርት ነው።

የአሿሿሙ ሂደት አጭር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እጩዎቹን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። እጩው የምክር ቤት አባል ሊሆን ይችላል፤ ከውጭም ብቃት ያለው ሰው ሊመጣ ይችላል። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ ማለት ነው፤ ሹመቱ በአብላጫ ድምፅ ይጸድቅና ተሿሚው ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ኢንጂነር ዓይሻ መከላከያ ሲገቡ ለካቢኔ አዲስ አልነበሩም። በ2008 የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2009 ወደ ኮንስትራክሽን ሚኒስቴር ተዛወሩ። ጥቅምት 6 ቀን 2011 የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ከ28 ወደ 20 ሲቀነሱና ግማሾቹ በሴቶች ሲያዙ፣ በሀገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በወንበሩ ላይ ግን ብዙ አልቆዩም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ወደ ከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ሄዱ። በ2014 አዲስ የተቋቋመውን የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ተረከቡ፤ ግንቦት 2016 እንደገና ወደ መከላከያ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ፈጣን ዝውውር ሚኒስትሩን ብዙ ያስተምረዋል፤ ፕሮጀክቶቹን ግን ይጎዳል ብለን እናምናለን። አንድ መንገድ ወይም ግድብ ከጨረታ እስከ ርክክብ ዓመታት ስለሚወስድ የጀመረው ሰው ሲያልቅ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ወደፊት በመንግሥት ኃላፊነት መሥራት እፈልጋለሁ። ከዲዛይን ሌላ ምን ላጥና? (ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ኮንትራት አጥኚ። የኮንክሪት ስሌት ከባለሙያሽ ታገኚዋለሽ፤ ክፍያ ላይ የምትፈርሚው ግን አንቺ ነሽ። የፈረንሳይዋ ኤሊዛቤት ቦርንም ከታዋቂው የድልድይና መንገድ ትምህርት ቤት የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የትራንስፖርት ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት የፓሪስን ሜትሮና አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሰውን ድርጅት ከ2015 ጀምሮ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል። ከስሌት ወደ ገንዘብና ሰው አስተዳደር የተሻገሩት ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ስንት እንደሚከፈል የሚያሳየውን ሰነድ፣ ማንበብ ልመጂ። ለምሳሌ የ100 ሚሊዮን ብር ውል ይኑር፤ ተቋራጩ ሥራ ሳይጀምር 20 ሚሊዮን ቅድሚያ ክፍያ ወስዷል እንበል። ውሉ ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶ ለቅድሚያው ማካካሻ፣ 5 በመቶ ደግሞ ለመያዣ (ሥራው በትክክል እስኪጠናቀቅ አሠሪው ዘንድ ለሚቆይ ገንዘብ) ይቀነስ ይላል። ተቋራጩ የ10 ሚሊዮን ሥራ ሠርቶ ሲያቀርብ 2.5 ሚሊዮን ለቅድሚያው፣ 500 ሺህ ለመያዣ ተቀንሶ ከታክስ በፊት 7 ሚሊዮን እጁ ይገባል። እስከዚህ ቀላል ነው።

አሁን ሥራው 50 ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ተቋራጩ ሳይቱን ጥሎ ሄደ እንበል። ከቅድሚያው የተመለሰው 12.5 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ 7.5 ሚሊዮኑ አሁንም እሱ ዘንድ አለ። የያዝሽው 2.5 ሚሊዮን መያዣ አይሸፍነውም። የሚያድንሽ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናው፣ ማለትም ተቋራጩ ካልመለሰ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ የሚከፍልበት ሰነድ፣ ነው፤ እሱም የሚሠራው ጊዜው ካላለፈ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ለውሉ የጊዜ ማራዘሚያ ይሰጣል፣ ዋስትናው ግን አብሮ ሳይታደስ ይቀራል። ስለዚህ ማራዘሚያ ከመፈረምሽ በፊት የታደሰው ዋስትና ፋይሉ ውስጥ መኖሩን እዪ፤ እውነተኛ መሆኑንም ካወጣው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ በጽሑፍ አረጋግጪ።

ሁለተኛው ወሰን ማስከበር፣ ማለትም የሥራውን ቦታ ከቤትና ከምሰሶ ነጻ ማድረግ፣ ነው። ካሳ ያልተከፈለበት ቤት ወይም ያልተነሳ የመብራት ምሰሶ መሐል ላይ ካለ ግሬደሩና ሮለሩ ቆመው ይውላሉ፤ ተቋራጩም ለቆመው ማሽን ካሳና ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፣ ያገኛልም። ሳይቱ ነጻ ሳይሆን ውል መፈረም ችግርን በውድ ዋጋ መግዛት ነው። ለተግባር ልምምድ ስትወጪ ቢሮ ተቀምጠሽ ድሮዊንግ ከመቅዳት ይልቅ ከአማካሪው የሳይት መሐንዲስ ጋር ሆነሽ ልኬት ያዢ፤ የሳይት መዝገቡን በየቀኑ ጻፊ። ክርክር ሲነሳ የሚታየው ያ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ይለማ የነበረ መሬት ጨው እየሆነ ተተወ። ይህ የመሐንዲስ ጥፋት ነው ወይስ የሚኒስቴር? (አንባቢ፣ ከአዋሽ)

መልስ፦ የሁለቱም ነው። በመካከለኛው አዋሽ በሚገኙት በአሚባራና በመልካ ሰዲ ለዓመታት ውኃ በብዛት ሲለቀቅ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ አለ። ወደ ገጸ ምድር አንድ ሜትር ተኩል ገደማና ከዚያ በላይ ሲቀርብ አፈሩ እርጥበቱን ወደ ላይ ይስባል፤ የቆላው ፀሐይ ውኃውን ያተነዋል፣ ጨው ግን ይቀራል። መሐንዲሱ ከማጠጫው ቦይ እኩል ትርፉን ውኃ የሚያስወጣ የማፋሰሻ ቦይ መንደፍ አለበት። በጀት ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው ማፋሰሻው ነው፤ ሪባን የሚቆረጠው ለማጠጫው ስለሆነ። ጨው የገባበትን መሬት ለመመለስ ማፋሰሻውን አስቀድሞ መቆፈር፣ ከዚያ በጥሩ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ማፋሰሻ ሳይኖር ማጠብ የከርሰ ምድሩን ውኃ የበለጠ ከፍ ያደርጋል፤ ጨውም ይጨምራል።